ባዶ የቀረው መስመር

ሀዋሳ የሚኖር ሰው ለጫጉላው ሐይቅ ዳር አይሄድም። ሌላው ከየአገሩ ሙሽራውን ይዞ ወደ ሀዋሳ ሲመጣ፣ የሀዋሳው ሙሽራ ሐይቅ የሌለበትን ይፈልጋል። ታቢታ ደረሰ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሥራዋ ነውና። መሃል ከተማ፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ መደብር በላይ ባለች የጉዞ ቢሮ ተቀምጣ ሰዎች የት እንደሚያድሩ የምትመርጠው እሷ ናት። ስድስት ዓመት ሠርታለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም እንግዳ ተመልሶ “ቦታው እንዳልሽኝ አይደለም” ብሏት አያውቅም።

የዚያን ሰኞ ረፋድ ግን የምትመርጠው ለራሷ ነበር።

ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ቅጾች ተደርድረዋል። ሦስቱም ከአዋሽ ወዲያ ባለው በረሃ፣ ፍልውሃው አካባቢ ስላሉ ሦስት ሎጆች የሚናገሩ ናቸው፤ አንዱ ከወንዙ ዳር፣ አንዱ ከጉብታው ላይ፣ አንዱ ከፍልውሃው ኩሬ አጠገብ። ቅጹን ያዘጋጀችው ራሷ ናት። አሥራ አንድ መስመር አለው። በሩ ወዴት ይከፈታል? ጥላው በረንዳውን የሚለቀው በስንት ሰዓት ነው? ውሃ መቼ መቼ ይመጣል? ጄኔሬተሩ ከአልጋው ስንት እርምጃ ይርቃል? እንዲህ እያለ ይወርድና የመጨረሻው መስመር “ለማን ይስማማል?” ይላል።

ታቢታ በረሃውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። የምታውቀው ቅጹን በሚሞላው ሰው ዓይን ነው። ያ ሰው የቢሮው ሾፌር አልአዛር ነው። እንግዶችን በላንድክሩዘር ያደርሳል፣ ሲመለስ ቅጹን ያስረክባል። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጨረሻውን መስመር ሳይሞላ ያስረከበበት ቀን የለም። “ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት፤ ደረጃ የለውም” ይላል አንዱ ላይ። ሌላው ላይ “ሌሊቱን ሙሉ ለሚያወሩ ጓደኛሞች፤ ግድግዳው ወፍራም ነው” ይላል። “ለተኳረፉ ባልና ሚስት አይሆንም፤ በረንዳው የሚይዘው አንድ ወንበር ብቻ ስለሆነ ኩርፊያው ይብሳል” ያለበትን አንብባ ብቻዋን የሳቀችበት ቀን አለ። የቢሮው ባለቤት እትዬ ፍሬሕይወት ምን እንዳሳቃት ሲጠይቋት፣ ቅጹን እንደማሳየት መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደደበቀችው ያን ጊዜ ራሷን አልጠየቀችም።

ዛሬ በሦስቱም ቅጾች ላይ ያ መስመር ባዶ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። የባንክ ሠራተኛውና የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምር ሳምሶን፣ ሦስት ሽማግሌዎችን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ቱላ ወዳለው የአባቷ ቤት ላከ። አባቷ አቶ ደረሰ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን የተከበሩ አገልጋይ ናቸው። በሽማግሌዎቹ ፊት አስቀርበው ሐሳቧን ጠየቋት። ታቢታ መሬት መሬት እያየች “እርስዎ ካሉ፣ አባዬ” አለች። ይህ እሺ ነው ተባለ፤ አቶ ደረሰም ቃላቸውን ሰጡ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ፤ የእጮኝነቱ ማስታወቂያ ደግሞ በመጪው እሁድ በጉባኤ ፊት ሊነበብ ነው። የጫጉላውን ነገር ሳምሶን ለእሷ ተወላት። በረሃ ይሁን ያለው ግን እሱ ነው፤ ጥር ላይ እንደሚቀዘቅዝ የሥራ ባልደረባው ነግሮታል።

እሷም እንደማንኛውም እንግዳ በማዘዣው ወረቀት ላይ “ሳምሶን፣ ከባለቤቱ ጋር፤ ሁለት ሰው፣ አራት ሌሊት” ብላ ጻፈችና፣ በዚያ በኩል ጉዞ ለነበረው ለአልአዛር ሰጠችው። አልአዛር ማዘዣ ሲቀበል ሳይቀልድ አይሄድም። ያን ቀን ወረቀቱን አነበበ፣ አራት ላይ አጠፈው፣ ሸሚዙ ኪስ ከተተው፣ “እሺ አለቃ” ብሎ ወጣ።

አሁን የሦስተኛውን ቅጽ ጀርባ ገለበጠች። ቦታ ሲጠበው እዚያ ላይ ነው የሚጽፈው።

“ከኩሬው አጠገብ ያለው። በሩ ወደ ሰሜን ነው፤ በጥር ፀሐይ በደቡብ ስለምትሄድ በረንዳው ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ጄኔሬተሩ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ይርቃል፣ ነፋሱም ጭሱን ወደ ወንዙ ይወስደዋል። እንግዳዋን የናፍጣ ሽታ ራሷን ስለሚያማት ይህ ጥሩ ነው። ጠረጴዛው መስኮት ሥር ነው። እንግዳዋ በግራ እጇ ስለምትጽፍ ብርሃን ከቀኝ ሊመጣላት ይገባል፣ አለዚያ የእጇ ጥላ ጽሑፏ ላይ ይወድቃል። በሁለቱ ሎጆች ብርሃኑ ከግራ ነው፤ እዚህ ከቀኝ ነው። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከዘንባባዎቹ ውስጥ ወፎች አንድ ላይ ይነሣሉ። ማልዶ የሚነቃ ሰው ብቻ ነው የሚያገኛቸው። አንቺ ታገኚያቸዋለሽ።”

ታቢታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን አየችው። ብዕሩን የያዘው ግራ እጇ ነበር። የናፍጣ ሽታ ራሷን እንደሚያማት ለማንም ተናግራ አታውቅም። አንዴ ብቻ፣ ከሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ሲሞቅ መስኮቷን ዘግታ ግንባሯን ይዛ ነበር። በማግስቱ መኪናው ከግቢው ወጥቶ መንገድ ዳር መሞቅ ጀመረ። መንገዱ ስለሚመቸው መስሏት ነበር።

ከታች ባጃጆች ይጮኻሉ፣ እትዬ ፍሬሕይወት በስልክ ከአንድ ሆቴል ጋር ይከራከራሉ። ታቢታ ግን ወረቀቱን አንሥታ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ እንደገና አነበበችው።

*

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሳምሶን ከባንኩ መጥቶ ከቢሮዋ ሥር ካለው ጭማቂ ቤት ተቀመጡ። ለሁለቱም ስፕሪስ አዘዘ። ሳምሶን ቀጠሮ አያዛባም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ የጭማቂ ቤቱን አስተናጋጅ በስሟ ጠርቶ ያመሰግናታል። እጮኛውን እስካሁን የሚጠራት በመዘምራን ልምምድ ላይ እንደለመደው “እህት ታቢታ” እያለ ነው።

ሦስቱን ቅጾች ዘረጋችለት። የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ አየውና ኔትወርክ ስለመኖሩ ጠየቃት። እንዳለ ነገረችው። ከዚያ በኋላ ቅጾቹን ሰብስቦ መለሰላት፤ ለሌላው ሰው የምትመርጥ ሰው ለራሷ አታጣም፣ አልጋ ደግሞ አልጋ ነው አለ። ታቢታ በሥራ ልማድ ጄኔሬተር ድምፅ እንቅልፍ ይነሣው እንደሆን ጠየቀችው። አንዴ ከተኛ ጥሩንባ እንደማይቀሰቅሰው እየሳቀ ነገራት።

“እኔንስ?” አለችው።

ሳምሶን ጥያቄውን አልናቀውም። ብርጭቆውን አስቀምጦ አሰበበት።

“አንቺማ የሚያስቸግርሽ ነገር ያለ አይመስለኝም፣ እህት ታቢታ። እኔም የወደድኩት እሱን ነው።”

ይህን ያለው ለማመስገን ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ የነበረው ከበሬታ እውነተኛ ነበር። ለጫጉላው ከባንኩ ከሚጠይቀው ፈቃድ ጋር የሚያያዘውን ወረቀት እንድትፈርምለት ብዕሩን ወደ ቀኝ እጇ ዘረጋላት። በግራዋ ተቀብላ ፈረመች። ሳምሶን ፊርማውን አየ፣ ጥሩ እንደሆነ ነገራት፣ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ከተተው።

ቢሮዋ ስትመለስ ደረጃው መሃል ላይ ቆመች። ቅር ለመሰኘት ምክንያት ፈለገች፣ አጣች። የከበዳትም ይኸው ነበር፤ የሚከሰስ ሰው በሌለበት ሐዘን ውስጥ ነበረች።

*

ረቡዕ ከቀትር በኋላ አልአዛር በሕንፃው ጀርባ ባለው ግቢ የመኪናውን ኮፋኖ ከፍቶ የአየር ፊልትሮውን እያራገፈ ነበር። የበረሃው አቧራ ቀይ ዱቄት ሆኖ እግሩ ሥር ተከምሯል። አልአዛር ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የቡሹሎ ልጅ ነው። እናቱ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የልብስ እጥበት ክፍል ይሠራሉ፤ እሱ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ መሪ ጨበጠ። ታቢታ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናት፣ የአቶ ደረሰ ልጅ ናት። በሁለቱ መካከል እስከዚያ ቀን ድረስ ከሥራና ከሥራ ቀልድ ውጭ የሆነ አንድም ቃል አላለፈም።

ቅጾቹን ይዛ ፊቱ ቆመች።

“ሳትጨርስ ነው የሰጠኸኝ።”

“ጨርሻለሁ፣ አለቃ። አሥሩም መስመር ሙሉ ነው።”

“አሥራ አንድ ነው።”

“እሱን አንቺ ሙዪው። ሙሽራዋ አንቺ ነሽ።”

ደንቡን አስታወሰችው። ያንን መስመር የሚሞላው እዚያ ያደረ ሰው ነው፤ ሌላው አይችልም።

አልአዛር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። “ታቢታ፣ ሾፌር የት እንደሚያድር ታውቂያለሽ?”

ታቢታ ቅጹን አየችው። ለክፍሎች አሥራ አንድ ጥያቄ አዘጋጅታለች። አንዱም ስለዚህ አይጠይቅም።

ፊልትሮውን እያራገፈ፣ የመንገድ ሁኔታ እንደሚነግራት አድርጎ ነገራት። በየትም ሎጅ ሾፌር የእንግዳ ክፍል አይሰጠውም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አራት አልጋ አለ፤ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር እዚያ ነው የሚያድረው። ሥራ የጀመረ ሰሞን የመጀመሪያውን ቅጽ ሲሞላ፣ ስለ ክፍሉ “አየሁት” ብሎ እውነቱን ጽፎ ነበር። እሷ ግን ቅጹን መለሰችለት። በቀይ ብዕር “ያላደርክበትን አትመስክር” ብላ ጽፋበት ነበር።

ታቢታ አስታወሰች። ሰነፍ መስሏት ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ኮርታበትም ነበር።

ከዚያ በኋላ አልአዛር በየሎጁ ከኃላፊዎቹ ጋር ተስማማ። እንግዶቹን አድርሶ፣ አሥር ሰዓት ያህል ከነዳ በኋላ፣ በሎጁ አሮጌ ፒክአፕ ከወንዝ በርሜል ውሃ እስኪመሽ ያመላልስላቸዋል። እነሱ ደግሞ ያልተያዘ የእንግዳ ክፍል ለአንድ ሌሊት ይከፍቱለታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያደረገው ይህንን ነው። ቅጾቹ ላይ “አደርኩበት” ብሎ የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር።

“ጀርባዬን ትንሽ ያመኛል እንጂ ክፍሎቹ ጥሩ ናቸው” አለና ፈገግ አለ።

እሷ አልሳቀችም። “ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርሽ ቅጹን ትቀይሪዋለሽ። እኔ ደግሞ ወድጄዋለሁ።” ፊልትሮውን ጎማው ላይ አስቀመጠ። “ሰው ሁሉ ሾፌርን የሚጠይቀው መንገዱ እንዴት ነው ብሎ ነው። ክፍሉ ለማን ይሆናል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ካንቺ በቀር።”

ከመደብሩ ጀርባ አንድ ሰው ካርቶን እያጣጠፈ ነበር፤ እሱ እስኪገባ ጠበቀች።

“ታዲያ አሁን ለምን ባዶ ተውከው?”

“ብሞላው ወይ እዋሻለሁ፣ ወይ የሰው እጮኛ እመኛለሁ። ሁለቱንም ለማድረግ አልፈለግኩም።”

እጁን የጠረገበትን ጨርቅ አጠፈው፣ ፈታው፣ መልሶ አጠፈው። ታቢታ ያንን ጨርቅ እያየች፣ የእሁዱን ማስታወቂያ ያውቅ እንደሆን ጠየቀችው። ያውቃል። እናቱ ለመዝሙሩ ሲሉ ይመጣሉ፤ እሱ አይመጣም። ሲመሽባት ሊያደርሳት አባቷ ግቢ በር ላይ መኪና ያቆመበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ከበሩ ወዲያ ግን አንድም ቀን ግባ አልተባለም፤ ማንንም አይወቅስበትም።

“አባቴን ላናግራቸው ነው” አለችው። “ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ምናልባት ከሁለታችሁም ልቀር እችላለሁ።”

“ለእኔ ብለሽ ከሆነ አታናግሪያቸው።”

“ለአንተ ብዬ አይደለም። እሺ ሳልል እሺ ስለተባለብኝ ነው።” ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ለአንተ የምለውን ሌላ ቀን እነግርሃለሁ” አለችው።

አልአዛር በእሺታ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ታቢታ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሙሉ ትንፋሽ የተነፈሰችው ደረጃውን ስትወጣ ነው።

*

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ቱላ ወረደች። አባቷ ጓሮ እንሰቱ መሃል የደረቀውን ቅጠል እየገፈፉ ነበር። በዚህ ሰዓት መምጣቷን ሲያዩ ቢላውን ግንዱ ላይ ሰክተው፣ ሰው ታሞ እንደሆን ጠየቋት። ማንም እንዳልታመመ ነገረቻቸው። ከዚያ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባትና ነገሩን ከመጨረሻው ጀመረችው፤ ሳምሶንን ማግባት እንደማትፈልግ ተናገረች።

አቶ ደረሰ አልተቆጡም። በቁጣቸው የማይታወቁ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው የሚፈሩት ዝምታቸውን ነው።

“ምን አጠፋ?”

“ምንም አላጠፋም፣ አባዬ።”

“ጎደለው የምትዪው ነገር አለ?”

“የለም። ግን አያየኝም።” እንዴት እንደምታስረዳቸው አሰበች። “አንድ ዓመት ጎን ለጎን ዘምረናል። ማስታወሻ ስጽፍ ያየኛል። በየትኛው እጄ እንደምጽፍ አያውቅም። ቢጠየቅ አያውቅም።”

አቶ ደረሰ ግራ እጇን አዩት። አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ሰው በግራ እጅ አይበላም አይጽፍም ብለው ያንን እጅ ከወገቧ ጋር በጨርቅ ያሰሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ወር ሙሉ አስረውታል። አንድ ቀን ማታ ጨርቁን ሲፈቱ አንጓዋ ተልጦ አይተው ትተዋታል፤ ስለዚያ ግን በቤቱ ውስጥ ዳግመኛ ተወርቶ አያውቅም።

ሲናገሩ በሲዳምኛ ነበር። ሲጸልዩና ሲያዝኑ የሚናገሩበት ቋንቋ ነው። “እኔስ አይቼሽ ነበር” አሉ። “አይቼ ነው ያሰርኩት።”

የገፈፉትን ቅጠል ሰብስበው ከግንዱ ሥር ከመሩት። መጨረሻ ላይ ያየሽ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቋት። ታቢታ አልዋሸችም፤ አልአዛር ነው አለቻቸው።

“ሾፌሩ?”

“ሾፌሩ።”

ሊቀመጡ ፈልገው መቀመጫ እንዳጣ ሰው ዙሪያቸውን አዩ። “እሱን ዛሬ አታንሺብኝ” አሉ በመጨረሻ። “ለአንዱ የሰጠሁትን ቃል ሳልመልስ የሌላውን ስም በዚህ ግቢ አልሰማም። ቃል ሰጥቼ መልሼ አላውቅም፣ ታቢታ። ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?”

“ሰው መጠየቅ እንጂ ሰው ሲጠይቀኝ መመለስ አልለመድኩም፣ አባዬ። አጥፍቻለሁ።”

እጃቸውን ታጠቡ፣ የእሁድ ኮታቸውን ለበሱ። ቃሉን የሰጡት በሦስት ሰው ፊት ስለሆነ የሚመልሱትም በሦስቱ ፊት እንደሆነ፣ እሷም አብራቸው እንደምትሄድ፣ ሳምሶንም ተጠርቶ ከሽማግሌ አፍ ሳይሆን ከእሷ አፍ መስማት እንዳለበት ነገሯት። መሃል ከተማ እስኪደርሱ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታቢታ የአባቷን ኮት እጅጌ እያየች፣ በሕይወቷ ማንንም እንዲህ አሳፍራ እንደማታውቅ፣ በሕይወቷም ማንም እንዲህ አብሯት ሄዶ እንደማያውቅ አሰበች።

በሽማግሌዎቹ መሪ በአቶ አምሳሉ ሳሎን ውስጥ አቶ ደረሰ ቆመው ተናገሩ። ቁጭ ይበሉ ቢባሉ እምቢ አሉ። በእናንተ ፊት የሰጠሁትን ቃል ልመልስ መጥቻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ‘እርስዎ ካሉ’ ማለቷን እሺ ነው ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ አሉ። አንደኛው ሽማግሌ አዘኑ፣ ሌላው ተቆጡ። አቶ አምሳሉ ሁለቱንም በእጃቸው ዝም አሰኟቸውና ወደ ታቢታ አዩ።

ሳምሶን ከባንኩ በቀጥታ ነበር የመጣው፤ መታወቂያ ካርዱን ከአንገቱ አላወለቀም።

“ወንድም ሳምሶን” አለችው። “በአንተ ላይ የማገኘው ጥፋት የለም። ያን ቀን አልፈልግም ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ይቅር በለኝ።”

ሳምሶን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

“የምትፈልጊውን ብትነግሪኝ እኮ አደርገው ነበር” አለ።

“አውቃለሁ” አለች። “እሱን ነው ያልነገርኩህ።”

አቶ አምሳሉ አጭር ጸሎት አደረሱ፤ እሁድ የሚነበብ ማስታወቂያ እንደማይኖር ለመጋቢው እንደሚናገሩ ገለጹ። ሊወጡ ሲሉ ሳምሶን እንደ ደንቡ ተነሥቶ እስከ ውጭው በር ሸኛቸው። ለአቶ ደረሰ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። “ደህና ሁኚ፣ ታቢታ” አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እህት ሳይል ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

ታቢታ ከበሩ አሥር እርምጃ ርቃ አጥሩን ተደግፋ አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ ለይታ አላወቀችውም። ነፃ መውጣቷ ነው እንዳትል ደስታ አልመሰላትም፤ ጸጸት ነው እንዳትል መመለስ አልፈለገችም። ስለዚያ ደግ ሰው፣ ስለ አባቷ፣ በበርሜል ውሃ ሲያመላልስ ስለመሸበት ስለ ሌላው ሰው፣ ለሁሉም በአንድ ላይ ነበር የምታለቅሰው።

አቶ ደረሰ ዝም በይ አላሏትም። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ጀምራ ነበር። በእሷና በአስፋልቱ መካከል ገብተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ ሰው እንዳያያት በኮታቸው ከልለዋት ቆሙ። ረዳቱ “ቱላ! ቱላ!” እያለ አንድ ሚኒባስ መጣ፣ አለፈ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛውም መጣ። አንዱንም አላስቆሙም።